የጂአርኢን ድርሰት በሽምደዳ መወጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በዕጽዋት ሳይንስ ተመርቄ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር ስላሰብኩ ለጂአርኢ የመግቢያ ፈተና ተመዝግቤያለሁ፤ የምፈተነው አዲስ አበባ ነው፤ ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል። ሒሳቡ ብዙም አያሳስበኝም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ድርሰቱ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ሁለት ድርሰት አለው ይላል፣ ሌላው ድርሰት የሚባል ነገር ቀርቷል ይላል። ሦስተኛዋ የተዘጋጁ ድርሰቶች ሰጥታኝ ሸምድጂያቸው ብላኛለች። ራሴ ስሞክር የምጽፈው ሁሉ ባዶ ቃል ይሆንብኛል፤ ስለ መንግሥት አስተዳደርና ስለ ኪነ ጥበብ ቢጠይቁኝስ ምን እላለሁ? ስንት ነጥብ ባመጣ ይበቃኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ በተከራከሩበት ልጀምር፤ ሁለቱም ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል። ጂአርኢ ለብዙ ዓመታት ሁለት ድርሰት ነበረው። አንደኛው በአንድ ሐሳብ ላይ አቋም ይዘሽ እንድትሟገቺ፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው የጻፈውን ሙግት አንብበሽ ቀዳዳውን እንድታሳዪ የሚጠይቅ ነበር። ፈተናው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሲያጥር ሁለተኛው ወጣ። ድርሰት ጨርሶ የቀረው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ከሚጠይቁት ከጂማት ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲሱ ቅርጹ ሲወጣ ድርሰቱን ተወው። ስለዚህ አንቺን የሚጠብቅሽ አንድ ድርሰት ነው፤ የተሰጠሽም 30 ደቂቃ ነው። በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የቆዩ የመዘጋጃ መጻሕፍት ይህን ለውጥ አያውቁም። ስለ ተሰረዘው ድርሰት የሚያወሩትን ምዕራፎች ሳትሳሺ ዝለያቸው።

ድርሰቱ የፈተናው መክፈቻ ነው፤ የቋንቋውና የሒሳቡ ክፍሎች የሚመጡት ከእሱ በኋላ ነው። ጠቅላላው ፈተና 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይፈጃል። የድርሰቱ ነጥብ ከ0 እስከ 6 በግማሽ ነጥብ ልዩነት ይሰጣል። አንድ የሠለጠነ ሰው ያነብሻል፤ ኢ-ሬተር የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ያነብሻል። የሁለቱ ነጥብ ከተቀራረበ አማካዩ ይወሰዳል፣ ከተራራቀ ሌላ ሰው እንዲያነበው ይደረጋል።

አሁን ወደ ሽምደዳው። ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሽምደዳ ያደግን ነን። እዚህ ግን መዘዝ አለው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ድርሰቶችን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክር ሶፍትዌር አለው፤ የተቀዳ ነገር ከተገኘ ውጤትሽን ሊሰርዝ ይችላል። ውጤትሽን የላክሽላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም የጻፍሽውን ድርሰት ራሱን ከፍተው ማንበብ ይችላሉ። የማመልከቻ ደብዳቤሽ የአንድ ሰው፣ ድርሰትሽ የሌላ ሰው አጻጻፍ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚያስቡ መገመት አያቅትም። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ የተሸመደደ ድርሰት ከቀረበልሽ ርዕስ ጋር አይገጥምም። «በዘመናችን እጅግ አከራካሪ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ የትም ስለሚገባ፣ በቀን ብዙ ድርሰት የሚያነብ ሰው ዓይኑን እንኳ ሳያሳርፍበት ያልፈዋል።

የሚገርመው ነገር ርዕሶቹ ምስጢር አይደሉም። ኢቲኤስ ሊመጡ የሚችሉትን ርዕሶች በሙሉ በድረ ገጹ ላይ በነጻ አውጥቷቸዋል። ትምህርት፣ መንግሥት፣ ቴክኖሎጂ፣ ኪነ ጥበብ፣ የግለሰብና የማኅበረሰብ ግንኙነት፤ ነገሩ እየተመላለሰ የሚነሳው በእነዚህ ዙሪያ ነው። ዘርፈ ብዙ ዕውቀት አይጠየቅም፤ የሚለካው ማሰብሽ ነው። ተማሪዎቼ ነጥብ ሲጥሉ የማየው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፦ ከርዕሱ ሥር የተጻፈችውን አጭር መመሪያ አያነቧትም። አንዳንዴ ሐሳቡ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ አሳዪ ትላለች። አንዳንዴ ሊነሳብሽ የሚችለውን ጠንካራ ተቃውሞ ጠቅሰሽ መልስ ስጪ፣ አንዳንዴም አንድ ፖሊሲ ሥራ ላይ ቢውል የሚያስከትለውን መዝኚ ትላለች። ሁለት ተጻራሪ አመለካከቶች ሰጥታ ለየትኛው እንደምታደዪ የምትጠይቅበትም ጊዜ አለ። ፖሊሲው የሚያስከትለውን ጠይቃሽ አንቺ ስለ ፖሊሲው መልካምነት ብቻ ከጻፍሽ፣ እንግሊዝኛሽ የቱንም ያህል ቢያምር የተጠየቅሽውን አልመለስሽም።

እስቲ አንድ ርዕስ ራሴ ልፍጠርና አብረን እንሥራው፦ «አንድ ከተማ ትልልቅ ፋብሪካዎችን መሳቡ ነዋሪዎቹን ሁሉ ይጠቅማል።» መመሪያው ምን ያህል እንደምትስማሚ፣ ሐሳቡ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ሁኔታ አብራሪ ይላል እንበል።

የብዙዎቹ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይነሳል፦ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ኑሮውን ለማሻሻል ሲጥር ኖሯል። በአሁኑ የሥልጣኔ ዘመን ኢንዱስትሪ ለአንድ አገር ዕድገት የማይተካ ሚና አለው። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ጥቅም እንዳለው ሁሉ ጉዳትም አለው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለማየት እሞክራለሁ።» አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ጸሐፊው ግን እስካሁን ምንም አላለም። ይህ አጻጻፍ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ተብሎ ስንማር መግቢያ ማለት ከሩቅ መነሳት መስሎን ቀረ። ገና በመጀመሪያው አንቀጽ አቋም መያዝም ሽማግሌ ፊት ቃል እንደ መቅደም ድፍረት ይመስለናል። ፈራጆቹ ግን የሚፈልጉት ይህንኑ ድፍረት ነው፤ አቋምሽን በመግቢያው ላይ አግኝተው፣ በቀረው ጽሑፍ እንዴት እንደምትከላከዪው ማየት ይፈልጋሉ።

ወደ ርዕሱ እንመለስ። ያጋነነው የት ላይ ነው? ማንም ሳይቀር ይጠቀማል ማለቱ ላይ ነው። መቆፈር ያለብሽ እዚያ ነው። ለዚህ ደግሞ ሐዋሳ ተቀምጠሽ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግሽም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ በብዛት መጡ፤ ደመወዛቸው አላወላዳ ስላለም አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት እየተከራዩ ኖሩ። ቤት ፈላጊ ሲበዛ ኪራይ ይወደዳል፤ አከራዩ ተጠቀመ፣ ከፓርኩ በፊት እዚያው ሰፈር ተከራይ የነበረው ዝቅተኛ ደመወዝተኛስ? ሁለተኛ፣ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይከማቻል። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ተናጉ። ቤት፣ ውሃ፣ ገበያ፤ ሦስት መንገድ አለሽ።

ሦስቱንም አትክተቻቸው! በ30 ደቂቃ ሦስት ነገር የነካካ ድርሰት አንዱንም ሳያበስል ያልቃል። አንዱን ዋና አድርጊ፣ ሌላውን ደግፊበት። እኔ ብሆን ቤቱን እይዝና አቋሜን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ትልልቅ ፋብሪካዎች ከተማን ያሳድጋሉ፤ ጥቅሙ ለሁሉም የሚዳረሰው ግን ከተማው መኖሪያ ቤቱን ከሠራተኛው ቁጥር እኩል ሲያሳድግ ብቻ ነው። ያ ካልሆነ ፋብሪካው የከፈለውን ደመወዝ አከራዩ ይረከበዋል።» እንግሊዝኛው የግድ ከዚህ የረቀቀ መሆን የለበትም። ሁኔታ አስቀመጠ፣ ሁኔታው ባይሟላ ማን እንደሚጎዳ ተናገረ፣ ቀጣዮቹን አንቀጾችም ራሱ ወለደ።

ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ታሪክ ተርኮ እንዳይቆም ተጠንቀቂ። «በሐዋሳ ብዙ ሴቶች በጠባብ ክፍል ይኖራሉ» ብለሽ ነጥብ ካስቀመጥሽ መረጃ ሰጠሽ እንጂ አልተሟገትሽም። ለምን ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ፋብሪካ በሁለት ዓመት ይገነባል፣ የመኖሪያ ሰፈር ግን መሬት፣ የውሃ መስመርና መንገድ ስለሚፈልግ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ቤቱን ቀድሞት ይደርሳል። ደግመሽ ጠይቂ፤ ታዲያ ማንን ይነካል? በዚያው ገንዘብ ይኖር የነበረውን፣ ከፋብሪካው አንድ ብር የማያገኘውን ነዋሪ። አሁን ምሳሌው ማስረጃ ሆነ። ይህን የ«ለምን» እና የ«ታዲያ» ሰንሰለት ሁለት ጊዜ ካልሳብሽ አንቀጹ አልተጠናቀቀም።

የድርሰቱ ጥራት ከሁሉ ይልቅ የሚለየው ግን በተቃውሞው አንቀጽ ነው። ብዙዎች ደካማ ተቃዋሚ አምጥተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥሉታል። አንቺ ብልህ ሰው አምጪ። «ኪራይ የጨመረለትም ሰው እኮ ነዋሪ ነው፤ ያገኘውንም እዚሁ ከተማ ገበያ ላይ ያወጣዋል» ቢልሽስ? እውነቱን ነው፤ እመኚለት። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በከተማው መዞሩ የከተማውን ጠቅላላ ገቢ እንደሚያሳድግ ተቀብለሽ፣ ጠቅላላው ማደጉ ግን እያንዳንዱ ተጠቃሚ መሆኑን እንደማያረጋግጥ፣ ርዕሱ የተናገረው ደግሞ ስለ እያንዳንዱ መሆኑን አሳዪ። እዚህ የደረሰ ድርሰት 5 እና ከዚያ በላይ ከሚሰጣቸው ጎራ ይሰለፋል።

ባዶ ቃል ሆነብኝ ያልሽው ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ምሳሌ ስትፈልጊ ስለማታውቂው ስለ ናፖሊዮን ወይም ስለ አንስታይን ታስቢያለሽ፤ የምታውቂውን ትንቂዋለሽ። የዕጽዋት ሳይንስ ምሩቅ ነሽ፣ ያውም እንሰት በሚበላበት አገር! «አዲስ አሠራር ሁልጊዜ ከጥንቱ ይሻላል» የሚል ዓይነት ርዕስ ቢመጣ እንሰት ሙሉ አንቀጽ ይሸከምልሻል። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በቆሎ ግን በወራት ይሰበሰባል። ዝናብ ሲቀር ግን በቆሎው ይደርቃል፣ እንሰቱ ይቆያል፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በሌላ በኩል እንሰት አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ሲገባ ነባሩ ዕውቀት ብቻውን አልበቃም፤ በሽታውን የለየውና በመሣሪያ እንደሚተላለፍ ያሳየው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። በአንድ ተክል ላይ የሐሳቡን ሁለት ገጽ አገኘሽ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ድርሰትሽን የሚያነበው ሰው እንሰት ምን እንደሆነ አያውቅም። «ሙዝ የሚመስል፣ ግንዱና ሥሩ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚመግብ ተክል» ብለሽ በግማሽ ዓረፍተ ነገር አስተዋውቂውና ወዲያው ወደ ሙግትሽ እለፊ። ስለ ቆጮ አዘገጃጀት አንቀጽ ሙሉ የጻፈች ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ፤ ቆጮው አምሮ ነበር፣ አቋሟ ግን ጠፋ።

መምህርነትሽም ስንቅ ነው። ከርዕሶቹ ብዙዎቹ ስለ ትምህርት ናቸው። በአንድ ትውልድ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጥቂት ከነበሩበት ከ40 በላይ ደርሰዋል፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የአዋሳውን የእርሻ ኮሌጅ ጨምሮ ነባር ኮሌጆች ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ ነው። ተደራሽነትና ጥራት ሲጋጩ ማን እንደሚያተርፍ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ ተፈታኝ ብዙ አይኖርም።

ስለ መንግሥትና ስለ ኪነ ጥበብ ቢመጣብኝ ላልሽው፣ ርዕሱን ወደ ጥቅምና ወጪ አውርጂው። ማን ያተርፋል፣ ማን ይከፍላል፣ ዛሬ የሚጠቅመው ከ20 ዓመት በኋላስ ይጠቅማል? መንግሥት ለሙዚቃና ለቴአትር ገንዘብ መስጠት አለበት የሚል ርዕስ በእነዚህ ጥያቄዎች ስትመረምሪው ከትምህርት ቤት በጀት ብዙም አይርቅም። አኃዝ ወይም ጥናት ፈጥረሽ እንዳትጽፊ ግን አደራ። ፈራጁ እያንዳንዱን መረጃ አያጣራም፤ «በአንድ ጥናት መሠረት 87 በመቶ» የሚል ነገር ግን አንባቢን አያሳምንም፤ አንቺንም ከማሰብ ያሳርፍሻል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ አትሸበሪ። ሙሉ 6 በሚያገኝ ድርሰት ውስጥ እንኳ ጥቃቅን ስህተት እንደሚኖር የኢቲኤስ የነጥብ መመሪያ ራሱ ይቀበላል። የእኛ ሰው ችግር ብዙውን ጊዜ የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው፤ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሐረግ በሐረግ ላይ መደረብ ለምደናል፤ በእንግሊዝኛ ያው ልማድ ባለቤቱን ከግሱ ያለያየዋል። ከሁለት መስመር ያለፈውን ቁረጪው። ከስም በፊት የሚገቡትን «ዘ» እና «ኤ» እንዲሁም የነጠላና የብዙ ቁጥር ስምምነትን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለብቻቸው ፈልጊያቸው። ከመዝገበ ቃላት የተለቀሙ ከባድ ቃላትን ለቋንቋው ክፍል አጥኚያቸው እንጂ ድርሰትሽ ላይ አትደርድሪያቸው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ ትየባ ነው። ድርሰቱ የሚጻፍበት ሰሌዳ መቁረጥ፣ መለጠፍና የሠሩትን መመለስ ይችላል፤ የፊደል ማረሚያ ግን የለውም። በስልክ ጽፎ የለመደ እጅ እዚያ ይደናበራል። ከዛሬ ጀምረሽ ማረሚያ በሌለው ሰሌዳ ላይ ተለማመጂ። ኖትፓድ ይበቃል፤ በቅርብ ጊዜ የወጡት የዊንዶውስ 11 ኖትፓዶች ማረሚያ ስላላቸው ግን ከቅንብሩ አጥፊው። በ20 ደቂቃ ውስጥ 400 ቃል ያህል ያለ ጭንቀት መተየብ ካልቻልሽ፣ የቀን ግማሽ ሰዓት ለትየባ መስጠት ሌላ ድርሰት ከመጻፍ የበለጠ ይጠቅምሻል።

ስምንቱን ሳምንት እንዲህ አድርጊው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድም ሙሉ ድርሰት አትጻፊ። ከኢቲኤስ ዝርዝር በየቀኑ ሦስት ርዕስ ምረጪ፤ ለእያንዳንዱ በደብተርሽ ግማሽ ገጽ ላይ አቋምሽን፣ ሁለት ምክንያት ከነምሳሌው፣ አንድ ብልህ ተቃውሞና መልሱን አስፍሪ። አሰልቺ ነው፣ ግን በፈተናው ቀን የምትሸጪው ይህንን ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ድርሰት በሰዓት እየለካሽ ጻፊ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ኢቲኤስ በነጻ በሚሰጠው በፓወርፕሬፕ ፈተና ሙሉውን ከነሒሳቡ ተለማመጂው።

የጻፍሽውን የሚያነብልሽ ሰው ትምህርት ቤታችሁ አይጠፋም፤ የግድ የእንግሊዝኛ መምህር መሆን የለበትም። «እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽው «ቆንጆ ነው» ይልሻል፤ ይሉኝታ አለበትና። ይልቅ ወረቀቱን ተቀበዪውና «ምን ብዬ እንደተከራከርኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ» በዪው። ከተደናገረ አቋምሽ አልታየም ማለት ነው። ቻትጂፒቲን የምትጠቀሚ ከሆነም «አስተካክልልኝ» አትበይው፤ ጽሑፉን ወስዶ የራሱን ይሰጥሻል፣ አንቺ ምንም አትማሪም። «ከሙግቴ ደካማው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ጥገናውን ራሷ እጅሽ ትሥራው።

ፈተናው ላይ ስትቀመጪ አምስት ደቂቃውን ለማሰብ ስጪ። ጎረቤትሽ ኪቦርዱን ሲቀጠቅጥ መስማት ያስጨንቃል፤ ይቀጥቅጥ። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ጻፊ፤ የቀረው ለማረም ነው። መደምደሚያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን በቂ ነው፤ ሰዓቱ ካጠረብሽ የሚሠዋው እሱ ነው እንጂ የተቃውሞው አንቀጽ አይደለም። ደግሞም በፈተናው ቀን ሌሊት ከሐዋሳ አትነሺ። መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድርሰቱ መጀመሪያ ስለሚመጣ የመንገድ ድካምሽን የሚቀበለው እሱ ነው። አንድ ቀን ቀድመሽ ግቢ።

ስለ ነጥቡ፦ የተፈታኞች አማካይ 3.5 አካባቢ ነው፤ ለሳይንስ ትምህርት ክፍሎች 4 የሚያሳፍር አይደለም። ግን ከዚያ በፊት የምታመለክቺባቸውን ትምህርት ክፍሎች ገጽ አንድ በአንድ ክፈቺ፤ ከኮሮና ወዲህ ጂአርኢ መጠየቅ የተዉ ብዙ ናቸው፤ ከዝርዝርሽ ስንቶቹ እንደሚፈልጉት ሳታውቂ አትድከሚ። ውጤቱ ካልጣመሽ ከ21 ቀን በኋላ መድገም ትችያለሽ፤ የትኛውን ቀን ውጤት እንደምትልኪም የምትመርጪው አንቺ ነሽ። የሚላከው ግን የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ነው፤ የአንዱን ቀን ድርሰት ከሌላው ቀን ሒሳብ ጋር አዋህዶ መላክ አይቻልም።